የዕለት ተዕለት የእጅ ባትሪ አመራረጥ

የእጅ ባትሪ ሦስት ነገሮች ተገጣጥመው የሚሠሩት ዕቃ ነው፤ ብርሃን የሚሰጠው አምፖል፣ ኃይል የሚያቀብለው ድንጋይ ወይም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያገናኘው ቀፎ ከነማብሪያው። ገዢ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ባለሱቁ አንዱን ከሌላው እያቀያየረ ግድግዳ ላይ ያበራለታል፣ ደምቆ የታየው ይገዛል። የእጅ ባትሪን ከጥቂት ወራት በኋላ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀረው ግን አምፖሉ እምብዛም አይደለም። ወይ ድንጋዩ በሰፈሩ አይገኝም፣ ወይ የውስጡ ባትሪ ቻርጅ መያዝ ያቆማል፣ ወይ ማብሪያው ይላላል። ስለዚህ ምርጫው ከኃይሉ ምንጭ መጀመር አለበት፤ የድምቀት ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእጅ ባትሪን የወለደውም ደረቁ ድንጋይ ነው። የኤሌክትሪክ አምፖል ቀድሞ ነበረ፤ የዚያን ዘመን ባትሪዎች ግን ፈሳሽ የሞላባቸው ብርጭቆዎች ስለነበሩ ይዞ መንቀሳቀስ አስቸጋሪ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር እ.ኤ.አ. በ1886 ፈሳሹን ከጄሶ ጋር ለውሶ በዚንክ ጣሳ ውስጥ ማሸግ ሲችል ባትሪ ቢገለበጥም የማይደፋ፣ በኪስ የሚያዝ ነገር ሆነ። በ1899 ዴቪድ ሚሴል የተባለ የፈጠራ ሰው በወረቀት ቱቦ ውስጥ ድንጋዮችን ፊትና ኋላ ደርድሮ፣ ጫፉ ላይ አምፖልና የናስ አንጸባራቂ ገጥሞ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ዛሬ በየሱቁ የተሰቀለው ዕቃ ከዚያ ቅርጽ ብዙም አልራቀም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ዘግይቶ፣ በአምፖሉ በኩል ነው። የጃፓኑ ሹጂ ናካሙራ በ1993 ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሠራ። በሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚያበራ ንጥረ ነገር ሲቀባ ነጭ ብርሃን ተገኘ። ናካሙራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚሁ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው። የድሮው የሽቦ አምፖል የሚቀበለውን ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ በእጅ ባትሪ ውስጥ ሲሠራ ከአንድ ዋት የሚያወጣው ብርሃን ቢበዛ ወደ 10 ሉመን ነው። ጥሩ ኤልኢዲ ከዚያው ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል። ሉመን ከአንድ መብራት የሚወጣ ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ሻማ 12 ሉመን ያህል ያወጣል። እንግዲህ ባለሽቦ አምፖል የእጅ ባትሪ ዛሬ ገዝቶ ድንጋይ መቀለብ ገንዘብ መጣል ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጠንካራ የብረት የእጅ ባትሪ ያለው ሰው ግን መጣል የለበትም፤ በአሮጌው አምፖል ቦታ የሚገጠሙ ኤልኢዲ አምፖሎች ስላሉ እግሩ የሚመሳሰለውንና በድንጋዮቹ ቁጥር ልክ የተሠራውን መርጦ መቀየር ይቻላል።

የኃይሉ ምንጭ

ድንጋይ የሚበላ የእጅ ባትሪ ዋናው ብልጫው መብራት በሌለበትም መሥራቱ ነው። ኤሌክትሪክ ባልገባበት ቀበሌ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን በሚቆይበት ከተማ፣ ከጉልት ሁለት ድንጋይ ገዝቶ የሚያበራ ሰው ጨለማ ውስጥ አያድርም። በየሱቁ የሚገኙት ድንጋዮች በመጠን ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በሬዲዮ የሚታወቀው ወፍራሙ ዲ፣ የግድግዳ ሰዓት የሚበላው ኤኤ፣ እና በሪሞት ውስጥ ያለው ቀጭኑ ኤኤኤ። ሦስቱም 1.5 ቮልት ናቸው። ልዩነታቸው በውስጣቸው የሚይዙት ኃይል ነው። ዲ ከኤኤ ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ ኤኤኤ ደግሞ የኤኤን ግማሽ እንኳ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። በርካሽ የሚሸጡ አጫጭር የእጅ ባትሪዎች አብዛኞቹ ሦስት ኤኤኤ የሚበሉ መሆናቸው የሚያሳዝን ነው፤ የተቆጠበው የመግዣ ገንዘብ በድንጋይ ወጪ ቶሎ ይመለሳል።

በመጠን ከሚለያዩት ይልቅ በይዘት የሚለያዩት ብዙ ገዢ ያታልላሉ። ርካሹ ድንጋይ ካርቦንና ዚንክ ሲሆን፣ ውድ የሆነው አልካላይን ይባላል። በተመሳሳይ መጠን አልካላይኑ ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። ስለዚህ ዋጋው ከእጥፍ ካልበለጠ አልካላይኑ ያዋጣል። ርካሹ ድንጋይ ሌላም ችግር አለበት። ቆርቆሮ የሚመስለው የዚንክ ጣሳው ራሱ የኃይሉ ማገዶ በመሆኑ፣ ድንጋዩ በሠራ ቁጥር ግድግዳው እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ይበሳል። ከዚያ የሚፈስሰው ፈሳሽ የእጅ ባትሪውን ሆድ ያዝጋል። አልካላይንም ካለቀ በኋላ ተረስቶ ሲቀመጥ ነጭ ዱቄት አውጥቶ መገናኛውን ይበላል።

የድንጋይ ቁጥር ዘፈቀደ አይደለም። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ ሁለት ድንጋይ የሚበሉት የበዙት ለዚህ ነው። በአንድ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ባትሪ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ሰርኪዩት በውስጡ አለው። ሰርኪዩት የሌለው ርካሽ የእጅ ባትሪ ድንጋዩ በደከመ መጠን ብርሃኑ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠራል እንጂ ለሌሊት መንገደኛ ጥቅም አለው፤ ድንገት ድርግም ከሚል ይልቅ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ይሻላል።

ድንጋይ ለስንት ጊዜ ይበቃል የሚለውን በግምት ማወቅ ይቻላል። ግማሽ ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ 50 ሉመን ያህል ያበራል፤ ይህ ለቤትና ለግቢ የሚበቃ ነው። ሁለት ኤኤ አልካላይን ይህን መብራት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያቆዩታል፣ ሁለት ወፍራም ዲ ደግሞ ርካሾቹ እንኳ ከ20 ሰዓት በላይ። በየሌሊቱ ግማሽ ሰዓት የሚያበራ ቤተሰብ በኤኤ ከሁለት ሳምንት በላይ፣ በዲ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል ማለት ነው። የጥንዱን ዋጋ በሰዓቱ አካፍሎ የአንድ ሰዓት ብርሃን ስንት እንደሚያስወጣ ማስላት ለቤት ወጪ ከማንኛውም የባለሱቅ ምክር የተሻለ መመሪያ ነው። በየምሽቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚያበራ ቤት ይህን ሲያሰላ ድንጋይ እንደማያዋጣው በአንድ ወር ውስጥ ይገባዋል።

በሳምንት አንድ ቀን እንኳ መብራት ለሚያገኝ ቤት መካከለኛ መንገድ አለ። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የተባሉት ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች በኤኤና በኤኤኤ መጠን ይሸጣሉ። ቮልታቸው 1.2 ቢሆንም በአብዛኞቹ የእጅ ባትሪዎች ያለችግር ይሠራሉ፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜም ይሞላሉ። ድሮ የነበረባቸው ነውር ተቀምጠው በራሳቸው መድከማቸው ነበር፤ ሳንዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2005 ኢነሉፕን ካወጣ ወዲህ ግን ከተሞሉ ከብዙ ወራት በኋላም አብዛኛውን ኃይላቸውን ይዘው የሚገኙ በሽ ናቸው። ቻርጀሩን ጨምሮ መጀመሪያ የሚያስወጡት ከፍ ይላል። ነገር ግን ድንጋዮቹ ቢሞቱ እነሱ ብቻ ይቀየራሉ፣ በችግር ቀን ደግሞ ያው የእጅ ባትሪ የሱቅ ድንጋይ ይበላል። ለተራ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አሠራር ማግኘት ያስቸግራል።

ትልልቅ የፕላስቲክ የእጅ ባትሪዎች፣ ከሆዳቸው ሁለት የሶኬት ጥርስ ተመዝዞ ግድግዳ ላይ የሚሰኩት፣ ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ያለው እንደ መኪና ባትሪ ያለ ትንሽ 4 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ርካሽ ናቸው፣ ሲገዙም ደማቅ ናቸው። የእርሳስ ባትሪ ግን ባዶውን መቀመጥ አይወድም። አልቆ ለሳምንታት ከተረሳ በውስጡ ያሉት ሳህኖች በሰልፌት ተሸፍነው ደግሞ አይነሳም። ለአንድ ክረምት ጓዳ የተጣለ እንዲህ ያለ የእጅ ባትሪ ለመስቀል ሲፈለግ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ይህን ዓይነት የገዛ ሰው ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም በየወሩ ቻርጅ ማድረግ አለበት። ሌላም ጥንቃቄ አለ። የርካሾቹ ቻርጀር ትራንስፎርመር የሌለው፣ የመስመሩን 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ስለሚሆን፣ ተሰክቶ ሳለ ቀፎውን መክፈት ወይም የተጋለጠ ብረት መንካት ሰው ይገድላል።

አሁን ገበያውን የያዘው ሊቲየም ነው። በክብደቱ ልክ ብዙ ኃይል ይይዛል፣ በስልክ ቻርጀር ይሞላል፣ ተቀምጦም ቶሎ አይደክምም። በእጅ ባትሪ ውስጥ በብዛት የሚገኘው 18650 የሚባለው ሲሆን፣ ቁጥሩ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያመለክታል። ማጭበርበሩ የከፋውም እዚህ ነው። በዚህ መጠን የሚሠሩ እውነተኛ ባትሪዎች የሚይዙት ከ3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም። በላያቸው 9,900 ተብሎ የታተመባቸው በሙሉ ሐሰት ናቸው፤ ብዙዎቹ 1,000 እንኳ አይሞሉም። ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ክብደት ነው። ጥሩው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ይመስላል። ከ35 ግራም በታች የሆነው ውስጡ ትንሽ ባትሪ ተከትቶ የቀረው በአሸዋ ወይም በዱቄት ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ወርቅ ቤት ያለች ሚዛን ይህን በአንድ ደቂቃ ትለያለች።

ሊቲየም የሚገዛ ሰው ባትሪው የሚወጣና የሚቀየር መሆኑን ያረጋግጥ። ተጣብቆ የታሸገ የእጅ ባትሪ ዕድሜው የባትሪው ዕድሜ ብቻ ነው። በተጨማሪም በመጠኑ ልክ እንደ ኤኤ ድንጋይ ሆኖ 3.7 ቮልት የሚሰጥ ሊቲየም ስላለ፣ ለሁለት ተራ ድንጋይ በተሠራ የእጅ ባትሪ ውስጥ ቢገባ አምፖሉን ያቃጥለዋል። በላዩ የተጻፈውን ቮልት ሳያዩ መግጠም አይገባም።

በፀሐይ የሚሞሉት በሁለት መንገድ መታየት አለባቸው። ሰፋ ያለ ሳህን ተለይቶ በሽቦ የሚገናኛቸው የሶላር ፋኖሶች ጠቃሚ ናቸው። የእጅ ባትሪ ጀርባ ላይ የተለጠፈች የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳህን ግን ጌጥ ናት። ግማሽ ዋት የሚሰጥ ሳህን እንኳ በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢበዛ 2.5 ዋት ሰዓት ያገኛል፤ ክብሪት ቀፎ የምታህለዋ የዚያን ጥቂት እጅ ብቻ። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ሲደፈን ደግሞ ትልቁም ሳህን ከበጋው ብዙ ያነሰ ነው የሚያመነጨው፤ በፀሐይ ብቻ የሚተማመን ቤት በክረምት ሌላ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል።

ድምቀት

ካርቶን ላይ የሚታተም የሉመን ቁጥር በርካሽ የእጅ ባትሪዎች ዘንድ ትርጉም የለውም። 10,000 ሉመን የሚል አንድ የጣት ያህል የእጅ ባትሪ ይወሰድ። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ቢያወጣ፣ ለ10,000 ሉመን 100 ዋት ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው ባትሪ እውነተኛ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ቢሆን፣ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 7.4 ዋት ሰዓት ይሆናል። በ100 ዋት ሲበላ ከአምስት ደቂቃ በታች ያልቃል፣ ቀፎውም ከሙቀቱ የተነሳ በእጅ አይያዝም። ያው ባትሪ በ100 ሉመን ሰባት ሰዓት፣ በ300 ሉመን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሠራል። የእጅ ባትሪው ካርቶን ላይ ያለውን የሰዓትና የሉመን ቁጥር በዚህ ሒሳብ መፈተን ማንም የሚችለው ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ የማይችሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

አምራቾችን በአንድ መለኪያ ለማስኬድ በአሜሪካ በ2009 ኤፍኤል 1 የተባለ ደረጃ ወጥቷል። በዚህ ደረጃ መሠረት የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 ከመቶ እስኪወርድ ነው። እንግዲህ 10 ሰዓት የተባለው አሥሩንም ሰዓት እኩል ያበራል ማለት አይደለም። ርቀቱም የሚለካው ብርሃኑ ሩብ ሉክስ እስኪሆን ድረስ ሲሆን፣ ይህ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። በ100 ሜትር ይደርሳል የተባለ የእጅ ባትሪ እዚያ ያለውን ነገር በጨረቃ እንደሚታየው ያህል ብቻ ያሳያል፤ ፊት ለመለየት ከግማሹም መቅረብ ያስፈልጋል። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ በጨረሩ መካከል ያለው ድምቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ባለሁለት መቶ ሜትሩ ከባለመቶ ሜትሩ ብዙ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

የሰው ዓይንም ብርሃንን በቀጥታ አይቆጥርም። ሁለት እጥፍ የደመቀ ሆኖ እንዲታይ ብርሃኑ ወደ አራት እጥፍ መጨመር አለበት። በመሆኑም በ200 እና በ300 ሉመን መካከል ያለው ልዩነት ጎን ለጎን ካልታየ አይታወቅም፣ ባትሪውን ግን በአንድ ተኩል እጥፍ ይበላዋል። ሌሊት ተነስቶ ሽንት ቤት ለመሄድ፣ የሕፃን አልጋ ለማየት ከ5 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። እንዲያውም ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይንን ያጭበረብራል፤ ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ደማቅ ብርሃን ካየ መልሶ ለመልመድ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ለመንገድ ከ50 እስከ 100 ሉመን፣ በሜዳ ከብት ለመፈለግ ወይም ጅብ በመጣበት በኩል ለማየት ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሉመን ሆኖ ጨረሩ የተሰበሰበ ይመረጣል።

የጨረሩ ቅርጽ ከሉመኑ እኩል መታየት አለበት። ሰብሰብ ያለው ሩቅ ይደርሳል፣ እግር ሥር ግን ጨለማ ይተዋል፤ ጭቃማ መንገድ ላይ ጉድጓዱን የማያሳይ የእጅ ባትሪ ያስወድቃል። የተበተነው ለቤት፣ ለማድ ቤት፣ ለንባብ ይመቻል። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን የሚበጀው በሩን ገርበብ አድርጎ ከአንድ ክንድ ርቀት ነጭ ግድግዳ ላይ ማብራት ነው። መሃሉ ደማቅ ሆኖ ዙሪያው ለዘብ ያለ ሰፊ ብርሃን ካለው ለሁለቱም ይሆናል። በመሃሉ ጥቁር ቀለበት የሚታይበት፣ ወይም አራት ማዕዘን ጥላ የሚጥል መግዛት አያስፈልግም። ጠርዙ ሐምራዊ ወይም በጣም ሰማያዊ የሆነ ብርሃንም ደም ከጭቃ፣ ቀይ ሽቦ ከቡናማ ለመለየት ያስቸግራል፤ ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሻላል።

ፊቱ ላይ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት ጥቃቅን ኤልኢዲዎች የተደረደሩበት የእጅ ባትሪ ብዙ አምፖል ስላለው ጠንካራ ይመስላል። አብዛኞቹ ግን ኃይሉን የሚገድብ ሬዚስተር ሳይኖራቸው ተያይዘው የተገጠሙ ናቸው። ድንጋዩ አዲስ ሲሆን ከአቅማቸው በላይ ይነዳቸውና አንድ በአንድ እየደከሙ ይሄዳሉ። አንድ ትልቅ ኤልኢዲ ያለው ይመረጥ።

የብርሃን ደረጃ ሁለት ይበቃል፤ አንድ ዝቅተኛ፣ አንድ ከፍተኛ። አምስት ደረጃ ያላቸው፣ ለማጥፋት በብልጭ ድርግምና በአደጋ ምልክት በኩል የሚያዞሩ፣ በተለይ ለአረጋውያን ያስቸግራሉ። እናት በጨለማ ስትዳስስ አንድ ጊዜ ተጭና የምታበራው፣ አንድ ጊዜ ተጭና የምታጠፋው ነው የሚያስፈልጋት።

ቀፎና ማብሪያ

በርካሽ የእጅ ባትሪዎች ቀድሞ የሚበላሸው ማብሪያው ነው። የሚንሸራተተው ዓይነት ውስጡ ሁለት ስስ ቆርቆሮዎች የሚነካኩበት ሲሆን፣ አቧራና ላብ ሲገባ ይላላል፣ እየተመታ የሚበራው ያኔ ነው። በኋላው በኩል ያለ ላስቲክ የተሸፈነ የሚጫን ማብሪያ በተሻለ ይቆያል። ሱቅ ውስጥ አብርቶ በመዳፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያ ወዘወዝ ማድረግ በቂ ፈተና ነው። ብልጭ ድርግም ካለ በአዲስነቱ እንዲህ የሆነ እያደር አይሻለውም።

ክዳኑ ተፈትቶ ውስጡ መታየት አለበት። ሞላው ወፍራምና ሲጫኑት መልሶ የሚነሳ፣ የክዳኑ ጥርስ ቢያንስ ሦስት ዙር የሚዞር፣ በጥርሱ ሥር ደግሞ የጎማ ቀለበት ያለው ይሁን። ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለው ያ ቀለበት ነው። አይፒኤክስ 4 የተባለው ርጭት፣ አይፒኤክስ 7 የተባለው ደግሞ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ተብሎ የተፈተነ ነው። ለተራ ክረምት የመጀመሪያው ይበቃል። አሉሚኒየም ሙቀትን ስለሚያስወጣ ለደማቅ ኤልኢዲ ይመቻል፤ ከ100 ሉመን በታች ለሆነ ግን ወፍራም ፕላስቲክ ምንም አይጎድለውም፣ በብርድ ሌሊትም እጅ አያቆረፍድም። ክብ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ የሚንከባለል፣ ማሰሪያ ገመድ የማያስገባ ቀፎ አንድ ቀን ይጠፋል።

ላም ለሚያልቡ፣ ለሚወልዱ እናቶች ለሚደርሱ አዋላጆች፣ መኪና ሥር ለሚገቡ ሠራተኞች በግንባር የሚታሰረው ዓይነት ከየትኛውም የእጅ ባትሪ ይበልጣል፤ ሁለቱም እጅ ነጻ ይሆናልና። በጥርስ ነክሶ ወይም በብብት ይዞ መሥራት ግድ የሚሆንባቸው ቤቶች ይህን አንዱን ቢገዙ ሌላም ላያስፈልጋቸው ይችላል።

ስልክ አለ የሚል ሰው በከፊል ልክ ነው። የስልክ መብራት ለደረጃና ለቁልፍ ቀዳዳ ይበቃል። ነገር ግን መብራት በጠፋበት ሌሊት ስልኩ ለሐኪም፣ ለጎረቤት፣ ለዘመድ የሚደወልበት ብቸኛ መንገድ ስለሆነ ባትሪውን በብርሃን መጨረስ ተገቢ አይደለም። ስልክ ወድቆ የሚሰበርበት ዋጋም የአሥር የእጅ ባትሪ ዋጋ ነው።

ከውጭ አገር ለቤተሰብ የሚላክ የእጅ ባትሪ ላይ ሦስት ነገር ይታይ። ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀር በላዩ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ከሌለው በ220 ቮልት ይቃጠላል። ለብቻቸው የተያዙ የሊቲየም ባትሪዎችና ፓወር ባንኮች በአውሮፕላን ጭነት ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፋቸው እንዳይነካካ ተሸፍነው መያዝ አለባቸው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ልዩ ባትሪ የሚፈልግ ዘመናዊ የእጅ ባትሪ ወደ ገጠር ሲላክ ባትሪው ሲሞት ዕቃውም አብሮ ይሞታል። በኤኤ የሚሠራ ከሆነ ግን አውራ ጎዳና ዳር ካለ ማንኛውም ሱቅ ይቀለባል።

አያያዝ

ያለቁ ድንጋዮች ወዲያው ይወጣሉ፤ ለረጅም ጊዜ የማይፈለግ የእጅ ባትሪም ድንጋዩ ወጥቶ ይቀመጣል። አዲስና አሮጌ፣ አልካላይንና ተራ መቀላቀል ደካማውን በጠንካራው ኃይል በግልባጭ ያስነዳውና ያፈስሰዋል። አልካላይን አፍስሶ ነጭ ዱቄት የያዘ መገናኛ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ በተነከረ ጨርቅ ተጠርጎ፣ በደረቅ ጨርቅ ደርቆ፣ በመጨረሻ በሳንቲም ጠርዝ ቢፋቅ ብዙ ጊዜ ይድናል። ዱቄቱ ቆዳ ስለሚያቃጥል ዓይን አጠገብ አይወሰድ።

መብራት ሲጠፋ ቤቱን በሙሉ ለማብራት የእጅ ባትሪው ወደ ነጭ ኮርኒስ ቀና ተደርጎ ይቆማል፤ ብርሃኑ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላል። ጭስ ባጠቆረው የሣር ጣሪያ ሥር ግን ይህ አይሠራም፤ ጥቀርሻ ብርሃኑን ይውጠዋል። እዚያ ውኃ የሞላ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ከእጅ ባትሪው ላይ ሲቀመጥ ጨረሩ በዙሪያው ይበተናል።

ሊቲየም ባትሪ ሲያብጥ፣ ሲሞቅ ወይም ሽፋኑ ሲቀደድ ደግሞ ቻርጅ አይደረግም። አልጋ ላይ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ቻርጅ ማድረግም አደገኛ ነው። በቁልፍ መያዣ ትንንሽ መብራቶች ውስጥ ያሉት እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያሉ ክብ ባትሪዎች ከሕፃናት ይራቁ። ልጅ ከዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ስለሚችል እስኪወጣ መጠበቅ ሳይሆን በአስቸኳይ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ነው። ያለቀ ድንጋይ እሳት ውስጥ አይጣልም፣ ይፈነዳል። በጓሮና በወንዝ ዳርም አይጣልም። ያበጠ ሊቲየም ከቤት ውጭ፣ ከሣርና ከማገዶ ርቆ፣ አሸዋ በያዘ የብረት ጣሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ የጫፎቹ መገናኛ በፕላስተር ተለጥፎ ለሚረከብ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢ እስኪሰጥ ድረስ።